በጆሮ የተጠበሰ ክንፍ

በጠርሙስ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ አማቴን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። «እማማ ጨው» ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ ቀልደኛ የእቶን ሠራተኛ ነው ይባላል። ለሦስት መቶ ሰው በሚሆን ሾርባ ላይ ጨው ሲያደርጉ ማንኪያ ይዘው ታይተው አያውቁም። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ጨው ዕቃው ውስጥ ይከታሉ፣ አንድ ጊዜ ዘገን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ከዘገኑት ላይ ትንሽ መለስ አድርገው የቀረውን ይበትኑታል። ሙያው ያለው በዚያች መልሰው በሚያስቀሯት ትንሽ ጨው ላይ ነው እያሉ ያወሩላቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ዛሬስ ጨው አንሷል ቢላቸው፣ አንተ ከሚስትህ ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው፣ ዛሬ ምንም አይጥምህም አሉት አሉ። ሹፌሩ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ማን ነገረዎት ብሎ ደነገጠ።

ካቻምና በዝናቡ ወራት መግቢያ ላይ ትኩሳት ያዛቸውና አሥራ ሁለት ቀን ተኙ። ተነሥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ልጄን ታቅፈው ሳሎን ቁጭ ባሉበት ነው ነገሩን ያወቅነው። ልጄ ያኔ ገና ዓመት ተኩሏ ነበር። እቅፋቸው ውስጥ እንዳለች ዳይፐሯን ሞላችው፤ ክፍሉ አላስቀምጥ አለ። ባለቤቴ መስኮት ሊከፍት ተነሣ፣ እኔም ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፣ እሳቸው ግን ጉንጯን እየሳሙ ማጫወታቸውን ቀጠሉ።

«እማዬ፣ አይሸትሽም እንዴ?» አላቸው ባለቤቴ።

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ልጄን ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት፣ አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሎሚ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ጎምዛዛነቱ ጥርሳቸውን እንኳ አልነካቸውም። ጨው ሰጠኋቸው፤ አሸዋ ነው አሉ።

የጆሮና የአፍንጫ ሐኪሙ መጀመሪያ ሦስት ወር ይጠብቁ አለ። ከዚያ ስድስት ወር አለ። በመጨረሻው ቀጠሮ ካርዱን ዘጋና፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አይመለስም፣ የእርስዎ ዓመት ከአራት ወር ስለሆነው ባይጠብቁት ነው የሚሻለው አላቸው። አመስግነውት ወጡ። በታክሲ ስንመለስ ስለ መንገዱ ቁፋሮ ብቻ ነው ያወሩት።

እኔ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይሆንልኝም። ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንዲት ነርስ አፍንጫም እንደ እግር በልምምድ ሊበረታ ይችላል ብላኝ ነበርና በአራት ትንንሽ ብልቃጥ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የልብስ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት አድርጌ በየጠዋቱ አስሸትታቸው ጀመር። እኔን ላለማስቀየም እያንዳንዱን ብልቃጥ ተራ በተራ አፍንጫቸው ሥር ይይዙልኛል። «በስተርጅናዬ አፍንጫዬን ትምህርት ቤት አስገባሽው» አሉኝ አንድ ጠዋት። «እሱ ደግሞ እንደ ባልሽ ነው፤ ክፍል ይደግማል እንጂ አያልፍም።» ባለቤቴ ካልሲውን እያጠለቀ፣ ስምንተኛን እኮ አንዴ ብቻ ነው የደገምኩት ብሎ ተቆጣ። ሳቅን። ብልቃጦቹን መለስኩና ቀኑ ቀጠለ።

ሥራ ቦታ ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷም ሽንኩርት ከታፊዋ ናት። አማቴ ሥራቸውን የያዙት በልማድ ነበር። ድስቱ ያው፣ ጭልፋው ያው፣ ጨው ዕቃው ያው፣ የሚበላው ሰው ቁጥር ያው ስለሆነ እጃቸው ራሱ ያስታውሳል። ለሰው ዓይን ሲሉ እንደ ድሮው ከድስቱ በጭልፋ ቀንሰው መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ ይልሳሉ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ትንሽ ያስባሉ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ሽንኩርት ከታፊዋ ደግሞ ቀድማ ትቀምስና ጨው ካነሰ አንዴ፣ ከበዛ ሁለቴ ትስላለች። ካልሳለች ደህና ነው ማለት ነው። ተሰላፊዎቹ፣ ይቺ ሴትዮ ሳሏ አልለቅ አላት፣ ትታይ እንጂ እያሉ ያዝኑላት ነበር። አንዱ ማር ሁሉ አምጥቶላታል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው ክበቡ ለሌላ ድርጅት ተሰጠ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ለሰው ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ የሚል ትሑት ልጅ ነው። ክፉ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የምግብ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ቀየረው፤ ከዚያ አብሳዮቹን ሁሉ ሰብስቦ እያንዳንዳቸው ከአዲሱ ዝርዝር ላይ አንድ አንድ ምግብ ሠርተው እንደሚታዩ ነገራቸው። ያለፈው ምድጃ ላይ ይቀጥላል፣ ያላለፈው ወይ ሳህን አጠባ ይገባል ወይ ይሰናበታል። ለአማቴ የደረሳቸው በኦቨን የተጠበሰ፣ ቆዳው ኩርሽም የሚል የዶሮ ክንፍ ነበር። በዘመናቸው ኦቨን ውስጥ ከዳቦ ሌላ ያስገቡት ነገር የለም። ለፈተናው የተሰጣቸው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።

ያን ዕለት ባለቤቴ እውነቱን ይንገሯቸውና ሌላ ሥራ ይስጧቸው ብሎ ነበር። «ዓይኑ የጠፋ ሹፌር ዓይኔ ጠፋ ብሎ ቢናገር መኪናውን ይተዉለታል?» አሉት። «እኔ ከምድጃው ፊት ከተነሣሁ የትም ብቆም ለእኔ ያው ነው። ዝም በል።» እኔ ደግሞ ትንሿን ኦቨናችንን ከፍሪጁ አናት ላይ አወረድኳት። ስንጋባ የገዛናት ናት፤ ለሁለት ዓመት የድስት ክዳን ማስቀመጫ አድርገናት ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ክንፉን በየመጋጠሚያው ለሁለት ለሁለት ከፈሉት፣ ጫፉን ለሾርባ ለዩት፣ አጠቡት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አድርገው ትሪ ላይ ደረደሩት። ክንፉ ከራሱ ውሃና ስብ ጋር ሲዋኝ ቆይቶ፣ ከላይ ነጣ ያለ፣ ከታች የተጣበቀ፣ ቆዳው እንደ እርጥብ ካልሲ የሚጎተት ነገር ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው እሳቱን ከመጀመሪያው ከፍ አደረግነው፤ ስቡ ትሪው ላይ ተቃጠለና ጎረቤት በር አንኳኳ። አማቴ ጭሱ አልሸተታቸውም። ዓይናቸው ሲያነባ ነው ያወቁት።

ከዚያ ከስልኬ ላይ አገላብጬ ዘዴውን አገኘሁት። ክንፉ ከታጠበ በኋላ አንድ በአንድ በጨርቅ ይደርቃል፤ እርጥብ የሆነ ነገር ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቀጥሎ ለአንድ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ከጨው ጋር ይታሽበታል። ትሪው ላይ በቀጥታ ሳይሆን በሽቦ ፍርግርግ ላይ ሳይነካካ ይደረደርና ሳይከደን ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ መጀመሪያ በለስላሳ እሳት፣ መቶ ሃያ ዲግሪ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስቡ እንዲቀልጥ፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆዳው እስኪቆጣ።

«ቤኪንግ ፓውደር? ዶሮ ኬክ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ትንንሽ አረፋ ያወጣበታል፣ አረፋው ሲደርቅ ነው ኩርሽም የሚለው አልኳቸው። ሰምተው ሰምተው፣ እኔ የማላውቀውን ነገር የምታውቅ ምራት ትኑረኝ ብዬ አልተሳልኩም ነበር አሉ፤ ግን ጨርቁን አነሡ። ያን ቀን ሃያ አራት ክንፍ አንድ በአንድ፣ በየእጥፋቱ ሳይቀር፣ ሕፃን ከታጠበ በኋላ እንደሚደረቀው አድርገው አደረቁ። ዕድሜ ልካቸውን ለክተው የማያውቁት ሴትዮ የልጄን የመድኃኒት ማንኪያ ወስደው ጨዉን በእሷ ለኩ። ስንት ማንኪያ እንደሆነ በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያንን ሳይ ወደ ጓዳ ገብቼ የማያስፈልገኝን ነገር ስፈልግ ቆየሁ።

እኔ ምላሳቸው ሆንኩ። የመጀመሪያውን ደህና ሙከራ ስቀምስ ጨዉ እጅግ አንሶ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ግን ጥሩ ነው አልኳቸው። ልጄ አጠገባችን ተቀምጣ አንዱን ነክሳ መለሰችው፤ እሳቸውም የመለሰችውን ክንፍ አዩ፣ እኔን አዩ። «ልታባብይኝ ከሆነ ምላስሽን አልፈልገውም» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዋሸኋቸውም። ጨው ሁለት ማንኪያ ተኩል ሆነ፣ ቁንዶ በርበሬው አንድ፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ። ጻፍኩላቸው፤ በቃላቸው ያዙት።

ጥብሱን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ኦቨኗ ፊት ዝቅተኛ በርጩማ አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ በሩ ይጥላሉ። መጀመሪያ ላይ፣ አሉኝ፣ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ያ ውሃው ነው። ቆይቶ ዝናቡ ይሳሳል። ከዚያ አንድ የማይታወቅ ዝምታ ይመጣል። ከዝምታው በኋላ እዚህም እዚያም ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ይነሣል፣ እሱ ቆዳው ሲጨማደድ ነው፤ ጠቅታው ፈጠን ሲል አውጪ። እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። ሰዓቱ ገና ነው ሲል እሳቸው ደርሷል ይላሉ፤ ከፍተን ስናይ ደርሷል። በሦስተኛው ሳምንት ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወሩኝ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ አውጪ ይሉኝ ጀመር። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጠን ስንነቀንቀው ክንፉ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ አሥራ አንዱን ብቻውን በላ። ያን ቅዳሜ፣ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳህን ሲያጥቡ ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው። እኔማ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለፈተናው የሄዱት ረቡዕ ነው። ቤኪንግ ፓውደሯን ከነቆርቆሮዋ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኩላቸው። አወጧት። ልጁ ከቤት ምንም ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሏል፣ ሁሉም ከዕቃ ቤት ነው የሚወጣው፣ ደግሞ ቦርሳ ይፈትሻሉ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሽርጣቸውን ተኩሼ አጣጥፌ ሰጠኋቸውና ሄዱ። ክንፉን ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እዚያው አድርቀው፣ ጨዉን ብቻ አሽተው ፍሪጅ አስገብተውት ነበር። ዕቃ ቤቱ በጊዜ ስለተዘጋ ዱቄቱ የቀረው ለረቡዕ ነው።

የሆነውን የነገረችን ሽንኩርት ከታፊዋ ናት። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አማቴ ቀድመው ገብተው መኝታ ቤት ነበሩ።

እንደነገረችን፣ አማቴ ቤኪንግ ፓውደር ሲጠይቁ ዕቃ ቤት ኃላፊው ሁለት የመስታወት ማሰሮ ይዞ መጣ። ሁለቱም ውስጥ ነጭ ዱቄት ነው ያለው። አንዱ ቤኪንግ ፓውደር ነው፣ ሌላው ሶዳ ነው፤ የተለጠፈባቸው ወረቀት ግን እርጥብ እጅ እየነካው ታጥቦ ጠፍቷል። ሰውየው የቱ የቱ እንደሆነ አላወቀም፤ አለማወቁም አላሳሰበውም። «ለእማማ ጨው እኔ ልንገርዎ እንዴ? ይቅመሱትና ይለዩት» ብሎ ሁለቱንም ክዳን ከፈተላቸው። ይህን ለማንም አብሳይ ቢለው ልክ ነው። ሶዳ ምላስ ላይ እንዳረፈ ይጎመዝዛል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ሕፃን ልጅ ይለየዋል። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ያያል። ከቢሮ የመጣች ጸሐፊ አለች። ሌሎቹም አብሳዮች አሉ። ሽንኩርት ከታፊዋ አራት እርምጃ ርቃ ሰላጣ ታጥባለች፤ መሳል ትችላለች፣ ግን ምን ብላ? የየትኛው ማሰሮ ዱቄት ምን እንደሆነ እሷም አልቀመሰችው።

አማቴ ጣታቸውን አንደኛው ውስጥ ነከሩ፣ ላሱ፣ አሰቡ። ሁለተኛው ውስጥ ነከሩ፣ ላሱ፣ አሰቡ። ሁለቱንም በጣታቸው መሐል አሹት። ከዚያ በስተግራ ያለውን ጠቆሙ።

«ይሄ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ሽንኩርት ከታፊዋ እንዳለችው፣ እንደዚያ ቀን አሳምረው ሠርተውት አያውቁም። ዱቄቱን አሹበት፣ ደረደሩት፣ የሰላጣ ሣጥን ገልብጠው ትልቁ ኦቨን አጠገብ ተቀመጡ። ጆሯቸውን ሲሰጡ አንዱ አብሳይ፣ እማማ፣ ምን ይልዎታል፣ ስለ እኛ ሐሜት ይነግርዎታል እንዴ ብሎ ሰውን አሳቀ። ስለ አንተማ ኦቨኑም ሰልችቶት ትቶታል አሉት። ደርሷል ሲሉ አወጡት። ቀለሙ እቤት ከሠራነው ሁሉ የጠቆረ ወርቅ ነበር፤ ያ የሶዳው ሥራ ነው፣ ያንን ግን ማን አወቀ። ሳህን ላይ ሲገለብጡት ሁሉም ወደ ድምፁ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

ደንቡ ደግሞ አብሳዩ የራሱን ቀድሞ ይቀምሳል የሚል ነው። አማቴ አንዱን አነሡና ነከሱ። ሲቆረጥም ሳህን አጠባው ጋ ድረስ ተሰማ። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይቅረቡ» አሉ።

ጸሐፊዋ በሶፍት ተፋችው። ሥራ አስኪያጁ አልተፋም፤ አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ፣ ዋጠው፣ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እናቴ፣ ቀምሰውታል?» አላቸው።

«ቀምሻለሁ።»

«ምንም አልተሰማዎትም?»

አማቴ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ነው የጠረጉት አለች ሽንኩርት ከታፊዋ። «ለእኔ ደህና ነው» አሉት።

እሷ ይህን ጊዜ ትስል ጀመር። አንዴም ሁለቴም አይደለም፤ ማቆም አቃታት። ሰዎቹ ውሃ ሰጧት።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ይህን ስትነግረን ባለቤቴ ቆሞ መራመድ ጀመረ። ዕቃ ቤት ኃላፊው ነው ጥፋተኛው፣ ስም የሌለው ማሰሮ ማን አስቀምጥ አለው፣ አሁኑኑ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ አለ። እኔም እንደሱ አሰብኩ። በቤታችን አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ እኔ ስለሆንኩ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ወረቀት አወጣሁና ያን ምሽት ልጄን ካበላሁ በኋላ ጻፍኩ። ጥሩ ማመልከቻ ነበር። ስለ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ሐኪሙ ወረቀት፣ ስለ ማሰሮዎቹ፣ እቤት ስለሠሩት ክንፍ አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። ሌላ ዕድል ይሰጣቸው፣ የምትቀምስ ሰው ከጎናቸው ትሁን፣ ጥብሱን ከእሳቸው የሚበልጥ የለም የሚል ነው ሐሳቡ። አሁንም ቢሆን የማይቻል ነገር ጠየቅኩ አልልም።

መኝታ ቤት ገብቼ አነበብኩላቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለ ሕመሙ ያለውን አውጪው» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ ከወጣ እኮ ለምን ሶዳውን እንዳልለዩ ምን እንላለን?»

«ተሳሳትኩ ነዋ። ሰው ይሳሳታል። ተሳሳተች ይበሉኝ። መቅመስ አትችልም ካልሽ ግን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያበላኋቸውን ሁሉ ይጠረጥሩታል። ዓመት ከምናምን የበሉትን ሁሉ ወደኋላ ይተፉታል። እነዚያ ሰዎች ምሳቸውን ጠግበው ነው ወደ እሳት የተመለሱት። ያንን አትንኪብኝ።»

ብዕሬን ይዤ የሕመሙን ነገር ሰረዝኩ። ሐኪሙ ተሰረዘ። እሱ ሲወጣ ስለ ማሰሮው ያለው ትርጉም አጣ፤ እሱንም ሰረዝኩ። የምትቀምስ ሰው ትመደብላቸው የሚለውም ወጣ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱና የቤቱ ክንፍ ብቻቸውን ምንም አላሉምና እነሱም ወጡ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የቀረው «ለክበቡ አስተዳደር» የሚለውና ቀኑ ነበር።

ያኔ ነው፣ ለምን የግራውን እንደመረጡ የጠየቅኳቸው። ሲዳስሱት አንዱ እንደ ፍርኖ ዱቄት የለሰለሰ፣ ሌላው ግን ሻከር ያለ ነበር፤ የቤታችን ሻካራ ስለሆነ ሻካራውን መረጥኩ አሉኝ። የቤታችን ሻካራ የሆነው ቆርቆሮዋ ዓመት ሙሉ ክዳኗ ሳይገጥም ተቀምጣ እርጥበት ስለገባት ነው። ደህናው ቤኪንግ ፓውደር ለስላሳ ነው። ሶዳው ነው የሚሻክረው። በሙቅ ውሃ ላይ ቆንጥረው ቢጥሉት ፓውደሩ ወዲያው ይፈላል፣ ሶዳው ግን ያን ያህል አይፈላም፤ ይህንንም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። እቤታችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበረ መለየት ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። ይህን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው እኔን ማጽናናት ሊጀምሩ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሐሙስ ጠርቶ እንደ ልጃቸው ሆኖ አነጋገራቸው። ዕድሜም ነው፣ ድንጋጤም ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል አላቸው። አላሰናበታቸውም፤ ሳህን አጠባ መደባቸው። የጎማ ቡትስና የላስቲክ ሽርጥ ሰጧቸው። ቡትሱ በአንድ ቁጥር ይሰፋቸዋል።

አጠባው የሚጀምረው ከምሳ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አማቴ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሥራ ቀን እቤት ነበሩ። የት እንደሚቀመጡ አላወቁም። ድንች ስልጥ አይተው አምጪ አሉኝ፤ ሰጠኋቸው፣ ላጡት፣ እንደ እሳቸው ስስ አድርጎ የሚልጥ የለም። ድስቱን ስጥድ ግን ቢላዋውን አጥበው አስቀመጡና ልጄን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ጨው ስንት ላድርግ ብዬ ልጠይቃቸው በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቡትሳቸውን በፌስታል ይዘው ሄዱ።

ሽንኩርት ከታፊዋ አሁን አትስልም። ማሩን ያመጣላት ሰውዬ ማሩ ነው ያዳነሽ ይላታል አሉ። እማማ ጨው የት ሄዱ ብለው የጠየቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ አረፍ ብለዋል ተብሎ ተነገራቸው፤ አንዳንዱ የሞቱ መስሎት ነበር። ከአጠባው መስኮት ሳህን ስትቀበል የምትታየው እጅ ብቻ ስለሆነች የማን እንደሆነች አይታወቅም።

እኔ በልቤ አሁንም አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል እላለሁ። ሁለት ዓመት ከግማሽ ቆይቶ የተመለሰለት ሰው እንዳለ አንብቤያለሁ። ለእሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንስቼላቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አይጠይቁኝም።

ከሥራ ሲመለሱ እጃቸው ከፈላ ውሃና ከዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ የተነሣ ነጥቶ፣ ተጨማዶ፣ በየጣቱ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ ነው። አንድ ቅባት ገዝቼ በየዕለቱ እቀባቸዋለሁ። ትናንት ስቀባቸው እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው ትንሽ ያዙትና፣

«ይሄ ነገር ይሸታል?» አሉኝ።

«ይሸታል።»

«ምን ምን?»

«አበባ አበባ። ትንሽም ቫዝሊን።»

«እሺ» አሉ፤ ሌላኛውን እጃቸውን ሰጡኝ።